ወደብ በሌላት ከተማ የጀልባ ሞተር

ሆሳዕና ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መንግሥት መቀመጫ የሆነች፣ ዩኒቨርሲቲና ሰፊ ገበያ፣ ቁጥሩም ከእግረኛው የማያንስ የሚመስል ባጃጅ ያላት፣ ወደብ ግን የሌላት ከተማ ናት። ስለ አነስተኛ የጀልባ ሞተር ብልሽትና ጥገና የሚያትት ጽሑፍ መነሻውን እንዲህ ካለች የደጋ ከተማ ማድረጉ ለአንባቢ ግር ሊል ይችላል፤ ይሁን እንጂ ጉዳዩን ጠጋ ብሎ ለመረመረ ሰው ከሐይቅ ዳር ከተሞች ይልቅ ሆሳዕና የተሻለች የመማሪያ ስፍራ ሆና ትገኛለች፤ ምክንያቱም የዚህን ሞተር መከራ በአብዛኛው የሚያመጡት አየር፣ ቤንዚን፣ ዘይትና የባለቤቱ ችኮላ ናቸው፤ አራቱም (ቤንዚኑ አልፎ አልፎ ከመጥፋቱ በቀር) በከተማዋ ሞልተዋል።

ውሃውም ቢሆን ጨርሶ የለም ማለት አይቻልም። ከተማዋ የምትገኝበት የሀዲያ ዞን ምሥራቃዊ ክፍል ውሃ በብላቴ ወንዝ በኩል ወደ ዓባያ ሐይቅ ይወርዳል፤ የምዕራቡ ደግሞ ወደ ኦሞ ሸለቆ ይገባል፤ በዚህ ሸለቆ ላይ የተገነባው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ከኋላው 150 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ሰው ሠራሽ ሐይቅ አስከትሎ ስለነበር፣ ከወላይታና ከዳውሮ አንሥቶ እስከ ከምባታና ሀዲያ ጠረፍ ድረስ ያለው ቆለኛ ከጀልባ ጋር ሳይወድ በግዱ ተዋውቋል። ሐይቁ ሲሞላ የሚደርስበት ከፍታ 900 ሜትር ገደማ መሆኑን፣ ማለትም ከሆሳዕና 1,300 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ መተኛቱን፣ አንባቢ በልቡ ይያዝ፤ ይህች ቁጥር በኋላ ብዙ ፒስተን ታቃጥላለች።

ከዚህም በላይ የጀልባው ሞተር የቅርብ ዘመዶች ከሐይቁ መሙላት በፊት ከተማውን ወርሰውት ቆይተዋል። በፀጉር ቤቱ በራፍ ላይ የሚንጫጫው፣ አንድ ሰው በአንድ እጁ አንጠልጥሎት የሚሄደው ትንሽ ጀነሬተር፣ በአንጋጫና በዶዮገና ተዳፋት ላይ ባሕር ዛፍ የሚጥለው የእጅ መጋዝ ሞተር፣ እንዲሁም የገጠር ባለሙያዎች በመላው አፍሪካ ሲጋልቧቸው የኖሩት እንደ ያማሃ ኤጂ 100 ያሉ ቀደምት ሞተር ሳይክሎች ሁሉም ከአንድ ቤት የወጡ ባለ ሁለት ምቶች ናቸው። ስለዚህ የዱራሜ ወይም የሾኔ መካኒክ ጀልባ በዓይኑ አይቶ ባያውቅ እንኳ የጀልባ ሞተር ሲቀርብለት «ይህን እንኳ አውቀዋለሁ» ቢል ሐሰት አልተናገረም፤ እውቀቱ ግን የት ላይ እንደሚያበቃ ወደፊት ይታያል።

ባለ ሁለት ምት ሞተር፣ በመካኒኩ አነጋገር ቱ ስትሮክ፣ ፒስተኑ አንድ ጊዜ ወጥቶ አንድ ጊዜ በወረደ ቁጥር አንድ ዙር ሥራውን ሁሉ የሚጨርስ ሞተር ነው፤ ባለ አራት ምቱ ለዚሁ ሥራ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሁለት ጊዜ ይወርዳል። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ከበላዩ ያለውን የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ያምቃል፣ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ክራንኩ ወደሚሽከረከርበት የታችኛው ክፍል አዲስ ድብልቅ ይስባል፤ ካንዴላው (ብልጭታ ሰጥቶ ድብልቁን የሚለኩሰው ዕቃ) ሥራውን ሲሠራ ፒስተኑ ተገፍቶ ይወርድና በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የተበሱትን ቀዳዳዎች ተራ በተራ እየገለጠ ጭሱን ወደ ማርሚታ ያስወጣል፣ ከሥር የተጠራቀመውንም ወደ ላይ ያሻግራል። ባልቦላ የለው፣ ባልቦላ የሚያንቀሳቅስ ሰንሰለት የለው፣ የዘይት ማጠራቀሚያም የለው፤ ከሥር ያለው ክፍል በፓምፕነት ስለተያዘ ዘይት የሚቀመጥበት ስፍራ ጠፍቶ፣ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ገብቶ፣ በመንገዱ ያገኘውን ኩሽኔታና ፋሻ አለስልሶ፣ በመጨረሻም አብሮ ይቃጠላል። ሰማያዊው ጭስ የዚህ ውጤት ነው።

ይህን አሠራር ጆሴፍ ዴይ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ባዝ በተባለችው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጀመሪያ ለሥራ ካበቃው በኋላ፣ ወደ ጀልባ ጀርባ አምጥቶ በገበያ የታወቀ ያደረገው ከኖርዌይ ወደ አሜሪካ የፈለሰው መካኒክ ኦሌ ኤቪንሩድ ነው። እንደሚተረከው ኤቪንሩድ በአንድ የሞቀ ቀን ለእጮኛው አይስክሬም ሊያመጣ ሐይቅ አቋርጦ ሲቀዝፍ አይስክሬሙ ቀልጦበት፣ በንዴት ሞተር ወደማሰብ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1909 ለሽያጭ ያበቃው ሞተርም አንድ ተኩል የፈረስ ጉልበት ያለውና 28 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ነበር። የቴክኖሎጂ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ታሪክ ስለ ፍቅር ይጠቅሱታል፤ ሞተሩ እምቢ ያለበት ሰው ግን ታሪኩን ሲሰማ የሚያስበው፣ በዚያ ቀን ኤቪንሩድ መቅዘፊያ ይዞ ስለነበር አይስክሬሙ ቢቀልጥም እሱ ራሱ መመለስ ችሎ እንደነበር ብቻ ነው።

ሞተሩ ቀላል መሆኑ ለባለቤቱ ፈተና የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ውስብስብ ማሽን ሲበላሽ ባለቤቱ አላውቅም ብሎ ለባለሙያ ይሰጣል፤ ቱ ስትሮክ ግን በውስጡ የሚንቀሳቀሱት ዋና ዋና ዕቃዎች በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ስለሆኑ፣ ካቻቢቴና ፒንሳ ያለው ሰው ሁሉ እንደሚችለው ያምናል፤ ፈቶም ይገጥመዋል። ሆኖም ይህ ሞተር በእውነተኛ ብልሽት የሚቆመው ጥቂት ጊዜ ነው፤ በአብዛኛው የሚቆመው በተሰጠው ነገር ምክንያት ስለሆነ፣ ፈትቶ የገጠመው ሰው የተፈታው ሁሉ ደህና መሆኑን አይቶ፣ ያልተፈታውን ቤንዚን መልሶ ያጠጣዋል።

ከሚሰጡት ነገሮች ሁሉ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ዘይቱ ነው። የአብዛኞቹ የዘመኑ አነስተኛ ሞተሮች መመሪያ 50 ለ 1 ይላል፤ ይህም ማለት ለ50 እጅ ቤንዚን 1 እጅ ዘይት፣ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ ለ20 ሊትር ጀሪካን ደግሞ 400 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በወረቀት ላይ ከዚህ የሚቀል ስሌት የለም። በተግባር ግን ቤንዚኑ በሃይላንድ ጠርሙስ ይመጣል፣ ጠርሙሱ አንዱ የአንድ ሊትር ሌላው የሁለት ሊትር ነው፣ አንዱ እስከ አንገቱ ሌላው እስከ ትከሻው ተሞልቷል፤ ዘይቱም የሚለካው በዚያው በሃይላንድ ክዳን ነው። አንድ ክዳን ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሊትር ስለሚይዝ ለአንድ ሊትር ሦስት ወይም አራት ክዳን በቂ ነው፤ በዚህ ረገድ የክዳኑ ሥርዓት የሚናቅ ሳይሆን እንዲያውም ከብዙ ላቦራቶሪ ያልተናነሰ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከአራተኛው ክዳን በኋላ የለኪው ቸርነት ሲነሣ ነው። አታካና፣ ማለትም ቡላ በቅቤ የሚሠራበት የሀዲያ የክብር ምግብ፣ በሚቀርብበት አገር ቅቤን ቆጥሮ መጨመር ንፉግነት ስለሆነ፣ የሞተሩ ባለቤትም ዘይቱን በዚያው ዓይን ያየውና «ይጨመርበት፣ ሲበዛ አይጎዳም» ይላል።

ይጎዳል። የበዛው ዘይት በሙሉ ስለማይቃጠል የካንዴላውን ጫፍ ያረጥበዋል፣ በፒስተኑ ራስና በጭስ መውጫው ቀዳዳ ላይ ጥቁር ክምችት ይጋግራል፣ ማርሚታውንም ቀስ በቀስ ይደፍነዋል። ከዚህ ይልቅ ሰው የማያስተውለው ሌላ ጉዳት አለ፤ ካርቡራተሩ (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚያደባልቀው ዕቃ) በነሐስ ቀዳዳው የሚያሳልፈው ፈሳሽ መጠን የተወሰነ ስለሆነ፣ ከዚያ ውስጥ ዘይቱ በበዛ ቁጥር ቤንዚኑ ይቀንሳል፤ በዚህም ምክንያት ለጥንቃቄ ሲባል ዘይት የተደረበለት ሞተር ከሚገባው በላይ ሊሞቅ ይችላል። ሞቀ ተብሎ ደግሞ ሌላ ዘይት ይጨመርለታል።

የዘይቱ ዓይነትም የራሱ ጣጣ አለው። የመኪና ሞተር ዘይት የሚሠራው ሳይቃጠል ለብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር እንዲያገለግል ስለሆነ በውስጡ ሲቃጠሉ አመድ የሚተዉ ንጥረ ነገሮች አሉት፤ የቱ ስትሮክ ዘይት ግን እንዲቃጠል የተሠራ ነው። ከቱ ስትሮክ ዘይቶችም ውስጥ በአየር ለሚቀዘቅዘው የጀነሬተርና የመጋዝ ሞተር የሚሆነውና በውሃ ለሚቀዘቅዘው የጀልባ ሞተር የሚሆነው ይለያያሉ፤ የጀልባው ቲሲ ደብሊው 3 በሚል ምልክት የሚታወቅ፣ አመድ የማይተው ዘይት ነው። ይህን ምልክት በደጋ ከተማ ሱቅ ውስጥ ማግኘት ዕድል ይጠይቃል፤ ሻጩ ግን ደንበኛውን በባዶ እጁ መሸኘት ስለማይወድ «ያው ነው፣ ሁሉም ዘይት ነው» ብሎ ሌላ ያቀርባል።

የቱ ስትሮክ ጥገና ማኅበራዊ ገጽታ ጎልቶ የሚታየው መብራት በጠፋበት ሰዓት በፀጉር ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ደንበኛው ግማሽ ራሱ ተላጭቶ፣ ግማሹ እንዳለ፣ ነጩን ጨርቅ አንገቱ ላይ እንደታሰረ ተቀምጧል፤ ፀጉር አስተካካዩ «ጋሼ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ ይታገሡኝ» ብሎ ወጥቶ የጀነሬተሩን ገመድ ይጎትታል። ሞተሩ አንድ ጊዜ ሳል ብሎ ዝም ይላል። አስተካካዩ የአየር መዝጊያውን፣ ቾክ የሚባለውን፣ ዘግቶ ይጎትታል፤ ከፍቶ ይጎትታል፤ እንደገና ዘግቶ ሲጎትት ከቦይ ማዶ የቆመ የባጃጅ ሹፌር «ቤንዚን ጠጥቷል!» ብሎ ፍርድ ይሰጣል። ይህን ፍርድ ለጊዜው የሚቃወም የለም። ከዚያ በኋላ አማካሪው ይበዛል፤ አንዱ ካንዴላው ይውጣ ይላል፣ ሌላው ይሞቅ ይላል፣ ሦስተኛው በምላጭ ይፋቅ ይላል፤ ካንዴላው ወጥቶ በሲሊንደሩ ብረት ላይ ተደግፎ ብልጭታው ሲፈተን፣ በፒንሳ መያዝ ሲገባው በእጁ የያዘው ሰው ከፈተናው በፊት ይጮሃል። በዚህ መሃል ጋሼ በግማሽ ፀጉራቸው፣ በነጭ ጨርቃቸው ብቅ ብለው «ሰርባቶዮው ውስጥ ቤንዚን አለ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ጥያቄው ሁሉንም ያሳፍራል፤ አስተካካዩም ክዳኑን ከፍቶ ካየ በኋላ አንድ ልጅ ሃይላንድ ይዞ ይሮጣል።

ካንዴላ ግን መናቅ የለበትም። ማንበብ ለሚችል ሰው የሞተሩን የውስጥ ኑሮ የሚናገር ሰነድ ነው፤ ጫፉ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ የሚሰጠውና የሚፈልገው ተመጣጥኗል፣ ጥቁርና ርጥብ ከሆነ ቤንዚኑ ወይም ዘይቱ በዝቷል፣ ነጭ ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑ አንሶ ሞተሩ ከልክ በላይ እየጋለ ነው። በሀዲያና በከምባታ ደጋማ ከተሞች ከሚወጡት ካንዴላዎች መካከል ጥቁሩ ቢበዛ ሊገርም አይገባም፤ ይህም ሁልጊዜ የክዳኑ ቸርነት ውጤት አይደለም፤ አገሩ ራሱ በነገሩ እጁ አለበት።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። የአብዛኛው ትንሽ ሞተር ካርቡራተር ከፋብሪካው ሲወጣ የተስተካከለው ለዝቅተኛ ስፍራ፣ የጀልባው ሞተር ደግሞ ለባሕር ዳርቻ ነው። በሆሳዕና ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 77 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሞተሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር ይሳሳል፣ በነሐሱ ቀዳዳ የሚያልፈው ቤንዚን ግን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ድብልቁ ይወፍራል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበቱም ይወርዳል። በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት እንደሚቀንስ በሚገመተው ስሌት መሠረት፣ በሣጥኑ ላይ 15 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈለት ሞተር ሆሳዕና ሲደርስ 12 እንኳ አይሞላም፤ ሦስቱ ፈረሶች ዳገቱ ላይ ቀርተዋል። በፈረስ አዋቂነቱ የታወቀው የሀዲያ ሰው ይህን ሲሰማ ሻጩን መጠርጠሩ አይቀርም፤ ሻጩ ግን በዚህ በኩል ንጹሕ ነው።

የአገሩ መካኒክ ይህን የአየር መሳሳት በስሌት ባያውቀውም በእጁ ያውቀዋል። የጀነሬተሩ ካንዴላ ሲጠቁርበት የካርቡራተሩን ማስተካከያ ብሎን ትንሽ ይነካል፣ ወይም የነሐሱን ቀዳዳ ጠበብ ባለ ይለውጣል፤ ሞተሩም ሳሉን ትቶ ጥርት ባለ ድምፅ ይሠራል። ይህ እውነተኛ ሙያ ነው፤ ሊመሰገንም ይገባል። እውቀቱ የሚያበቃው፣ ቀደም ሲል ለኋላ የተተወው ነጥብ ላይ ነው፤ በዚሁ መንገድ በሚገባ የተስተካከለው የጀልባ ሞተር በአይሱዙ ላይ ተጭኖ ወደ ኦሞ ሸለቆ፣ ወደ ሐይቁ፣ 1,300 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ አየሩ ወፍሮ ይጠብቀዋል፤ በዚያ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉን 90 በመቶ ያህል ስለሆነ፣ በደጋ ልክ የጠበበው ቀዳዳ ለቆላው አየር የሚበቃ ቤንዚን መስጠት ይሳነዋል። ድብልቁ የሳሳበት ቱ ስትሮክ ደግሞ ሳያጉረመርም የሚሞት ሞተር ነው፤ እንዲያውም ከመሞቱ በፊት ጥቂት ጊዜ ከወትሮው ይበልጥ ፈጥኖ ይሮጣል፣ ባለቤቱም «እንዴት ያለ መካኒክ ነው!» ብሎ የሆሳዕናውን ሰው ያመሰግናል፤ ምስጋናው ሳያልቅ ፒስተኑ ግሎ ያብጥና በሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። ጀልባውም በሐይቁ መሃል ይቆማል። ከዚህ የተነሣ በመካኒኩና በባለቤቱ መካከል የሚነሣው ክርክር መፍትሔ የለውም፤ ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፤ ሞተሩ ሆሳዕና ላይ ደህና ነበር፣ ቆላ ላይም ተቃጥሏል።

ሐይቅ በሌለበት የጀልባ ሞተር መፈተንም ራሱን የቻለ ትዕይንት ነው። ጀነሬተር መሬት ላይ ተቀምጦ ይነሣል፤ የጀልባው ሞተር ግን የሚቀዘቅዘው ከሥሩ በሚስበው ውሃ ስለሆነ፣ ውሃውን የሚገፋውም ኢምፔለር የሚባል ባለ ክንፍ የጎማ መዘውር ስለሆነ፣ በደረቅ ላይ ቢነሣ ጎማው ውሃ ስለማያለሰልሰው በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይፋቃል፣ ክንፎቹም ይቀደዳሉ። ስለዚህ አዋቂው መካኒክ ግማሽ በርሜል ውሃ ያስቀዳና ሞተሩን በወፍራም ጣውላ ላይ አስሮ እግሩን በርሜሉ ውስጥ ያስገባዋል። ፈታሾቹ ብዙውን ጊዜ የሚረሱት ፕሮፔለሩን ማውለቅ ወይም ማርሹን ዜሮ ላይ ማድረግ ነው፤ በዚህ ጊዜ የበርሜሉ ውሃ ሽቅብ ተነሥቶ በተመልካቹ ላይ ይወርዳል፣ በርሜሉ ባዶ ይቀራል፣ ሞተሩም መልሶ ደረቅ ላይ ይሽከረከራል። በደህናው ፈተና ግን ከሞተሩ ጎን በቀጭኑ የሚፈስ ውሃ ይታያል፤ ይህች የምልክት ውሃ መውጣቷ ኢምፔለሩ ጤናማ ለመሆኑ ዋና ማስረጃ ናት። በጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የታወቀው የእምቦጭ አረም ለጀልበኛ ያመጣው አንዱ ጣጣ ይኸው ነው፤ አረሙ በፕሮፔለሩ ላይ ከመጠምጠሙም በላይ የማቀዝቀዣውን መሳቢያ ይደፍናል።

በጥገናው ዓለም ከሁሉ ይልቅ የሚገርመው ግን አንዲት ትንሽ ፒን ናት። በአነስተኛዎቹ ሞተሮች ላይ ፕሮፔለሩን ከዘንጉ ጋር የምታያይዘው ይህች ፒን ሆን ተብሎ ከለስላሳ ብረት የተሠራች ናት፤ ፕሮፔለሩ ከድንጋይ ወይም ከሰጠመ ግንድ ጋር ሲጋጭ እሷ ተሰብራ ማርሹንና ዘንጉን እንድታድን ነው። በአዲስ ግድብ ሐይቅ ውስጥ ውሃ የዋጠው ዛፍ ብዙ ስለሆነ ፒኗ ግዴታዋን በተደጋጋሚ ትወጣለች። ባለቤቱ ግን ይህን መሥዋዕትነት እንደ ድክመት ያየዋል፤ ሦስተኛዋ ስትሰበርበት «ይህ የፋብሪካ ዕቃ ምን ዋጋ አለው» ይልና ሚስማር ቆርጦ ያስገባል፣ ሚስማሩም ሲታጠፍበት ከመኪና ባሌስትራ ብረት የተቆረጠ፣ ሊሰበር ከቶ የማይችል ፒን ያሠራል። በሚቀጥለው ግጭት ፒኑ በእርግጥ አይሰበርም። ባለቤቱ በድሉ ረክቶ ወደ ዳር ሲመለስ ከታችኛው ሣጥን የተሰበረ የማርሽ ጥርስ ድምፅ ይሰማል፤ የማርሹ ዋጋ ስንት ፒን እንደሚገዛ ማስላቱ ለአንባቢ ይተዋል።

ብልሽት ሳይኖር ብልሽት የሚፈጥረው ደግሞ የሰርባቶዮው (የቤንዚን ማጠራቀሚያው) ክዳን ነው። በክዳኑ ላይ አየር የምታስገባ ትንሽ ብሎን አለች፤ ቤንዚኑ እየተሳበ ሲሄድ የለቀቀው ቦታ በአየር ካልተተካ በውስጡ ግፊቱ ዝቅ ብሎ ቤንዚኑ መፍሰሱን ያቆማል። ሰርባቶዮው በአይሱዙ ወይም በሚኒባስ አናት ላይ ሲጓጓዝ ተሳፋሪው «ቤንዚኑ ሸተተን» ስለሚል ረዳቱ ብሎኗን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋታል፤ ይህ ተገቢ ነው፤ ሐይቁ ዳር ሲደረስ ግን ረዳቱ ከመኪናው ጋር ሄዷል። ሞተሩ በመጀመሪያው ጉተታ ይነሣል፣ ለጥቂት ደቂቃ በደህና ይሠራል፣ ከዚያም እየደከመ ይጠፋል። ሰዎቹ ካንዴላ ሲያወጡ፣ ካርቡራተር ሲፈቱ፣ ፊልትሮ ሲነፉ በዚያ መሃል አየር ቀስ ብሎ ይገባና ሞተሩ እንደገና ይነሣል፤ በዚህም በመጨረሻ የተነካው ዕቃ ጥፋተኛ ሆኖ ይመዘገባል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠፋ ያው ዕቃ ይለወጣል። በዚህ መንገድ ብሎኗ ሳትነካ ሞተሩ ከሞላ ጎደል አዲስ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

መለዋወጫውም ቢሆን ከጎረቤት ሱቅ አይገኝም። ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ የተሰደደ በመሆኑ፣ በእነዚህ ከተሞች ጠፍቶ የሚፈለግ ዕቃ ሁሉ የሚጠየቀው እዚያ ባለ ወንድም ወይም የአጎት ልጅ ዘንድ ነው፤ ካርቡራተርም ቢሆን በስልክ ፎቶግራፉ ተልኮ በሚመለስ ሰው ሻንጣ፣ በልብስና በጫማ መሃል ተጠቅልሎ ይመጣል። ዓለም ደግሞ ከዚህ ሞተር ፊቱን እያዞረ ነው፤ የቆዩት ቱ ስትሮኮች ከሚጠጡት ቤንዚን ሩብ ያህሉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ሳያቃጥሉ በጭስ መውጫው ስለሚያሳልፉት አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው ደንብ የጀልባ ሞተሮችን ብክለት ደረጃ በደረጃ ገደበች፤ ከአይስክሬሙ ታሪክ የተነሣው የኤቪንሩድ ሞተርም እ.ኤ.አ. በ2020 መመረቱ ቀረ። ተተኪው ባለ አራት ምት ሞተር ጭሱ ያነሰና ቤንዚን የሚቆጥብ ሲሆን፣ ክብደቱና የባልቦላ ጣጣው ግን በካቻቢቴ ብቻ ለሚኖር መካኒክ አይመችም፤ በዚህ ምክንያት አሮጌው ቱ ስትሮክ በሸለቆው ገና ጥቂት ዘመን የሚኖር ይመስላል።

ለደጋና ለቆላው ችግር መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ለካርቡራተሩ ሁለት የነሐስ ቀዳዳዎች፣ አንዱ ጠባብ ለሆሳዕና፣ አንዱ ሰፋ ያለ ለሐይቁ፣ መያዝ ብቻ ነው፤ ሁለቱም በአንድ የክብሪት ሣጥን ይገባሉ፣ ለመለወጥም አንድ ሰው ብዙ ጊዜ አይወስድበትም። የሁለቱን ልዩነት የሚናገረው በራሳቸው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ሲሆን ትልቁ ቁጥር ሰፊውን ቀዳዳ ያመለክታል፤ ቁጥሩ ከጤፍ ፍሬ የማይበልጥ ስለሆነ መነጽር ይፈልጋል፣ መካኒኩም መነጽሩን ሱቁ ትቶ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፣ የክብሪቱን ሣጥን ደግሞ ጀልበኛው ሲጋራ ሊለኩስ ከፍቶት ክብሪት ባያገኝበት ጊዜ ወደ ውሃው ይወረውረዋል።